«ሜርሲ» ብዬ የተራብኩበት ከተማ

የፈረንሳይዋ ሊዮን ከተማ በገባሁ በሁለተኛው እሑድ ምሳ ተጋብዤ እንደተራብኩ ተመለስኩ። ምግብ ጠፍቶ አይደለም፤ ጠረጴዛው ሙሉ ነበር። ያስራበችኝ አንዲት ቃል ናት። ፈረንሳይኛ አልችልም የሚል ሰው እንኳ የማይስታት ቃል፦ «ሜርሲ»።

ከሥሩ ልጀምር። አዲስ አበባ የተማርኩት እንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛዬ ደግሞ እኮራ ነበር፣ አልደብቃችሁም። ሊዮን ውስጥ በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ማስተርስ የመማር ዕድል ሳገኝ መጀመሪያ ያየሁት የማስተማሪያ ቋንቋውን ነው። እንግሊዝኛ ይላል። «በቃ፣ ለዳቦ መግዣ የምትሆን ፈረንሳይኛ ካለችኝ ምን ቸገረኝ» አልኩ። ጥቂት ወራት ኮርስ ወሰድኩ፣ ስልኬ ላይ አፕ ጫንኩ፣ ሻንጣዬን በርበሬና ሽሮ ሞልቼ ተነሣሁ። ትልቁ ስህተቴ ይኸው ነበር። ክፍል ውስጥ የምትቀመጡት በቀን ሦስት አራት ሰዓት ቢሆን ነው። የቀረውን ቀን የምትኖሩት በፈረንሳይኛ ነው።

ለዳቦ መግዣም አልበቃችኝም። በቤቴ አጠገብ ያለው ዳቦ ቤት ገብቼ ቀጥ ብዬ «ኡን ባጌት፣ ሲል ቩ ፕሌ» አልኩ። ሻጯ አየችኝና ረጋ ብላ «ቦንዡር» አለች። ያልሰማችኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩ። አሁንም «ቦንዡር»። ሳምንት ሙሉ «ይቺ ሴት ጥቁር አትወድም» እያልኩ ተቀየምኳት። ለካ ባለጌዋ እኔ ነኝ። እዚያ ሱቅ መግባት ሰው ቤት እንደ መግባት ነው፤ ሰላም ሳትሉ ዕቃ አይጠየቅም። በሁለተኛው ሳምንት ገና በሩን ስከፍት «ቦንዡር ማዳም» አልኩ። ሴትዮዋ ፊቷ በራ፣ ከትኩሱ መርጣ ሰጠችኝ። ተራውን ባጌት ትታችሁ «ትራዲሲዮን» የሚባለውን ጠይቁ። በ1993 የወጣ ደንብ አለ፤ ይኼኛው ከዱቄት፣ ከውሃ፣ ከጨውና ከእርሾ በቀር ማጣፈጫ ኬሚካል አይገባበትም። የሃያ ሠላሳ ሳንቲም ልዩነት ነው፤ ጣዕሙ ግን አይገናኝም።

ክፍል ያከራዩኝ ሰባ ያለፋቸው ባልቴት ናቸው። እኔ ማዳም ነው የምላቸው፤ እዚህም ማዳም ይሁኑ። ቤታቸው ክሯ-ሩስ በሚባለው ኮረብታ ላይ ነው፤ ድሮ የሐር ሸማኔዎች የሚኖሩበት ሰፈር። እኔም ሽሮ ሜዳን እያሰብኩ ነው ዳገቱን የምወጣው። የዚያን እሑድ ልጃቸውና አማቻቸው መጥተው ነበር። ዶሮ በክሬምና በእንጉዳይ ተሠርቷል። ማዳም ድስቱን ወደ እኔ አዙረው እንድወስድ ጋበዙኝ። እኔ ደግሞ እናቴ ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ። እንግዳ በመጀመሪያው ጥሪ አይዘረጋም። ፈገግ ብዬ፣ እጄን ትንሽ ከፍ አድርጌ «ሜርሲ» አልኩ። ማዳም ራሳቸውን ነቀነቁና ድስቱን ለአማቻቸው አሳለፉት።

ልመናውን ጠበቅኩ። «ኧረ በሞቴ» የሚል ሰው ጠበቅኩ። ማን ይበል? ድስቱ ዞሮ ዞሮ ባዶውን ኩሽና ገባ። እኔ በዳቦና በሰላጣ ዋልኩ።

ይቺን ያዙልኝ። ምግብ ሲቀርብላችሁ «ሜርሲ» ብቻ ካላችሁ፣ በተለይ እጅ ወይም ራስ ከተወዛወዘ፣ ትርጉሙ «ይቅርብኝ» ነው። ከፈለጋችሁ «ዊ፣ ሜርሲ» ወይም ደግሞ «ቮሎንትዬ» በሉ፤ «ደስ ይለኛል» እንደ ማለት ነው። ደግሞም አንድ ጊዜ ነው የሚጠየቀው። እነሱ ዘንድ እንቢ ያለን ሰው ደጋግሞ መጋበዝ ማስጨነቅ ነው። ስስት አይደለም፤ እኔ ግን ለወራት ስስት መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ተዘጋጅቼ ሄድኩ። ዛሬ እንቢ የሚባል ነገር የለም ብያለሁ። መጀመሪያ የሽንኩርት ሾርባ መጣ፤ ውስጡ ዳቦ፣ ላዩ የቀለጠ አይብ። «ተጨማሪ?» ሲሉኝ «ቮሎንትዬ!» ሁለት ሳህን ጠጣሁ። ምሳው ያ መስሎኝ። ከዚያ የበግ ጥብስ ከፋሶሊያ ጋር መጣ። በግድ ጨረስኩ። ቀጥሎ የአይብ ሰሌዳ መጣ፤ ከኋላው ደግሞ ቀይ የፕራሊን ታርት ኩሽና ውስጥ ይታየኛል። በዚህን ጊዜ ነው እንግሊዝኛዬ የከዳኝ። ሆዴን ይዤ፣ በጭንቅላቴ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል መልሼ «ዠ ስዊ ፕሌን» አልኩ። ሞልቻለሁ ማለቴ ነው።

አማችየው ወይኑ ትን አለው። ማዳም ናፕኪናቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ልጃቸው ናት ያስረዳችኝ፦ ይኼ ስለ ከብት የሚባል ነው። እኛ ላሚቱ ከብዳለች እንደምንለው። «ዤ ትሬ ቢያን ማንዤ» በይ አለችኝ፤ በጣም ጥሩ በላሁ። ያን ቀን ያፈርኩት እፍረት አሁንም ጆሮዬን ያሞቀዋል፤ ቃሉን ግን አልረሳሁትም።

ሥርዓቱን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ከዚህ ሁሉ በዳንኩ። መጀመሪያ «አንትሬ» ነው። የአሜሪካ ሜኑ የለመደ ሰው ዋናው ምግብ ይመስለዋል፤ ፈረንሳይ ግን መግቢያው ነው። ከዚያ ዋናው፣ ከዚያ አይብ፣ ከዚያ ጣፋጭ፣ በመጨረሻ ቡና፤ ቡናውም ብቻውን፣ በትንሽ ስኒ፣ ጣፋጩ ካለቀ በኋላ። ዩኔስኮ በ2010 የፈረንሳዮችን የግብዣ ማዕድ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ ይኼ ቅደም ተከተል ራሱ የቅርሱ አካል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ትንሽ ውሰዱ። ዳቦውን ሳህናችሁ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ፣ ከሳህኑ ጎን አስቀምጡት። በእጅ ቆርሶ መረቁን መጥረግ ቤተሰብ መሐል ይቻላል፤ እንጀራ ለለመደ እጅ ይኼ ትልቅ እፎይታ ነው። ሦስት ማዕዘን ሆኖ የተቆረጠ አይብ ሲመጣላችሁ ደግሞ ጫፉን ቀንጥባችሁ እንዳትወስዱ። ምርጡ እሱ ነውና ለራስ ብቻ መውሰድ ይሆናል፤ በጎኑ ነው የሚቆረጠው።

ሁለት ነገሮች ግን ማንም ሳይነግረኝ ነው የቆዩት። አንዱ እጅ ነው። ከእንግሊዞች መጽሐፍ የተማርኩት የማይሠራ እጅ ጭን ላይ እንዲቀመጥ ነው። ፈረንሳይ እጅ መታየት አለበት፤ ክንዳችሁን ሳይሆን አንጓችሁን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አሳርፉ። ሌላው ዓይን ነው። ብርጭቆ ሲጋጭ ዓይን ለዓይን መተያየት ግድ ነው። እኔ ለማዳም አክብሮት ብዬ አንገቴን ደፋ ሳደርግ እሳቸው «ይቺ ልጅ ምን ደብቃለች?» ሳይሉ አልቀሩም።

ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሸሸሁ። ልንገራችሁ፣ ይኼኛው ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው ነው። እሑድ «ጥናት አለብኝ» ማለት ጀመርኩ። ክፍሌን ዘግቼ በስልኬ አፕ እየተለማመድኩ፣ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በእንግሊዝኛ እያወራሁ ኅዳር አለቀ። አፑ ጎበዝ ነሽ ይለኛል። ውጪ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ አልቻልኩም። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ፈረንሳይኛ ስመልስ ሰዎቹ ወሬ ቀይረዋል።

ያወጣኝ ገበያ ነው። ክሯ-ሩስ ዋናው መንገድ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚዘረጋ ረጅም ገበያ አለ። ወደዚያ የሄድኩት ለቋንቋ ብዬ ሳይሆን ሽንኩርት ስለሚረክስ ነው። ከፊቴ የቆመች ሴት «ኡን ሊቭር ደ ሻምፒኞን» አለች። እኔ የማውቀው «ሊቭር» መጽሐፍ ነው። የእንጉዳይ መጽሐፍ? ለካ «ኧን ሊቭር» በወንዴው መጽሐፍ፣ «ኡን ሊቭር» በሴቴው ግማሽ ኪሎ ነው፤ ልክ 500 ግራም። ለስንት ሳምንት «የዕቃ ፆታ ምን ያደርጋል» እያልኩ የዘለልኩት ትምህርት የእንጉዳይ ሚዛን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል ብቻውን ጽፌ አላውቅም። «ዱ ፓን» (ዳቦ)፣ «ደ ላ ሱፕ» (ሾርባ)፣ «ዴ ላንቲይ» (ምስር) እያልኩ፣ ከፊቱ ከምትመጣው ቃል ጋር።

ዋጋ ሌላ ጣጣ ነው። ፈረንሳዮች 70ን «ስልሳ አሥር»፣ 80ን «አራት ሃያ»፣ 95ን «አራት ሃያ አሥራ አምስት» ነው የሚሉት። ሻጩ ሁለት ዩሮ ከ95 ሲለኝ ጆሮዬ የያዘው ሁለት፣ አራት፣ ሃያ፣ አሥራ አምስት ነው። መዳፌን ዘርግቼ ሳንቲሙን ራሱ እንዲለቅም አደረግኩ፤ እንደ ሕፃን። መፍትሔው ቀላል ነበር። ገበያው ውስጥ ስሄድ የተለጠፈውን ዋጋ ሁሉ በሹክሹክታ እያነበብኩ መሄድ። ያበድኩ የመሰለው ሰው ሳይኖር አይቀርም፤ በሦስት ሳምንት ግን ዋጋ መስማት ቻልኩ።

ምክሬ ይኼ ነው፦ አንድ ሻጭ ምረጡና በየሳምንቱ እሱ ዘንድ ሂዱ። በሄዳችሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ብቻ። «ይኼ ምንድን ነው?»፣ «እንዴት ይሠራል?»። ፈረንሳዮች ስለ ምግብ ከጠየቃችኋቸው ሰልፉን ረስተው ያስረዷችኋል። ሻጩ «ኤ አቬክ ሰሲ?» ይላል፣ ሌላስ ምን ልጨምር? ካበቃችሁ «ሰ ስራ ቱ» ነው። ሁለቱንም የትምህርት መጽሐፌ ውስጥ አላገኘኋቸውም። አይብ ሻጩ ደግሞ «ለዛሬ ነው ለነገ?» ይጠይቃል። መጀመሪያ ሰውየው ምን አገባው ብዬ ነበር። አይቡን ተጭኖ፣ ለምትበሉበት ቀን የበሰለውን ሊመርጥላችሁ ነው።

አንድ ቀን ምግብ ቤት ሰሌዳ ላይ «ሰርቬል ደ ካኑ» የሚል አነበብኩ፤ የሸማኔ አንጎል። ደንግጬ ልወጣ ስል አንድ የክፍል ጓደኛዬ ሳቀና አዘዘልኝ። ሲመጣ አንጎል የሚባል ነገር የለበትም። ያልቆየ ለስላሳ አይብ ነው፤ ሽንኩርት፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ዘይትና ኮምጣጤ የገባበት። የኛን አይብ የበላ ሰው አይደነግጥም። እንዲያውም ጎመን ፈለግኩ። ስለ ጥሬ ሥጋም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያውያን ጥሬ ሥጋ እንበላለን ስላቸው ያፈጠጡት ሰዎች ራሳቸው ስቴክ ታርታር የሚባል የተከተፈ ጥሬ ሥጋ ከጥሬ እንቁላል ጋር ይበላሉ። ክትፎ በቅቤና በሚጥሚጣ ይሻላል ብዬ ተከራክሬ፣ በፈረንሳይኛ ያሸነፍኩት የመጀመሪያው ክርክር እሱ ነው።

እንግሊዝኛዬ ግን ጨርሶ ጠላቴ አልነበረም። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ ከብቱን የሚጠብቀው ባላገር በራሱ ቋንቋ ሲጠራው፣ ማዕድ የሚቀርብለት ጌታ ሥጋውን በፈረንሳይኛ ጠራው። ለዚህ ነው በእንግሊዝኛ የበሬው ስምና የሥጋው ስም የሚለያዩት። ይኼን የቋንቋ ታሪክ ክፍል ውስጥ በቃሌ ይዤው ነበር፤ ሥጋ ቤት ስቆም ግን «ቦፍ»፣ «ሙቶን»፣ «ቮ»፣ «ፖር» ሁሉም የማውቃቸው ቃላት ሆነው አገኘኋቸው። የሚያስቸግሩት በመልክ ተመሳስለው በትርጉም የሚለያዩት ናቸው። ማርማላታው እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል («ፕሪዘርቬቲቭ») አለበት ወይ ብላችሁ ልትጠይቁ ስትፈልጉ ከእንግሊዝኛው ቀጥታ ከመለሳችሁት፣ ማርማላታው ኮንዶም አለበት ወይ ብላችኋል። «ፕዋሶን» ዓሣ ነው፤ በ«ዞ» ካላችሁት መርዝ ይሆናል። ፊደላችን እንኳ ይለየዋል፤ ጥንቃቄ ነው።

አማርኛዬ ያን ያህል ያግዘኛል ብዬ ግን አልጠበቅኩም። «ቱ» እና «ቩ» እንግሊዝኛ ተናጋሪ ጓደኞቼን ዓመት ሙሉ ሲያደናግራቸው፣ ለእኔ አንቺና እርስዎ ናቸው፤ በቃ። «ኦኞን» ውስጥ ያለው ድምፅ የኛው ኝ ነው፤ «ዠ» የኛው ዠ ነው። ይኼ የገባኝ ዐቢይ ጾም ሲገባ ነው።

ጾም ስለያዝኩ እሑድ ምሳ ልቅር ብዬ ነበር። ያው ሽሽት ነው። ከዚያ ይሉኝታዬን ዋጥ አድርጌ ማዳምን ቀድሜ ነገርኳቸው። «ቬጄታሪያን» እንዳትሉ፤ እንቁላልና ቅቤ ይመጣላችኋል። «ሥጋ የለበትም?» ብቻ ብላችሁም አትመኑ። «ላርዶን» የምትባል የተከተፈች የአሳማ ሥጋ ሰላጣ ውስጥ ተደብቃ ትገባለች፤ እሷን እንደ ሥጋ የማይቆጥር ሰው ገጥሞኛል። የማትበሉትን አንድ በአንድ በስሙ ጥሩ። እኔ «ካሬም» (ዐቢይ ጾም) ነው፣ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ አልበላም አልኳቸው። «ለ 55 ቀን» ስላቸው «40 አይደል እንዴ?» አሉ። ሥጋና ወተቱን ዝም ብለው ሰሙ። ቅቤው ላይ ሲደርሱ ግን ደረታቸውን ያዙ። ቅቤ የሌለበት ሊዮን ምን ሊባል ነው?

ከዚያ ትንሽ ቆይተው «አ! ቩ ፌት ሜግር» አሉ። አያታቸው ዓርብ ዓርብ ሥጋ ሲከለክሏቸው እንደዚያ ይሉት ነበር። ቃል በቃል «ቀጭን ማድረግ» ነው። ይኼን ቃል ከሰሙ ስንት ዘመናቸው! ኩሽና አስገቡኝና ከመደርደሪያ አረንጓዴ ምስር አወጡ። ከፑዊ የመጣ፣ ስሙ ከ1996 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው እያሉ በኩራት አሳዩኝ። እኔም በርበሬዬን አመጣሁ።

ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ደረቁን ማቁላላት ስጀምር ማዳም ጮኹ። በፈረንሳይኛ ማቁላላት «ፌር ረቭኒር» ነው፤ ሽንኩርቱን «ተመለስ» ማሰኘት። «ያለ ዘይት ከየት ይመለሳል?» አሉኝ። «ይመለሳል፣ ያያሉ» አልኩ። ከዚያ ማንተክተክ ምን ይባላል? «ሚዦቴ»። መላጥ? «ኤፕሉሼ»። እሳቸው በማንኪያ እየጠቆሙ፣ እኔ እያማሰልኩ። ምስሩ ግን ሰዓት ሙሉ ፈልቶ ቅርጹን አልለቀቀም፤ የፑዊ ምስር አይፈርስም፣ ለሰላጣ ነው። ለወጥ የሚሆነው «ላንቲይ ኮራይ» የሚባለው ቀዩ ክክ ነው፤ የጤፍ ዱቄትም የኦርጋኒክ ሱቆች ውስጥ አይታጣም። ያን ቀን ድፍን ምስር በላን። ሳህን ሳጥብ ነው ልብ ያልኩት፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ በእንግሊዝኛ በኩል አላለፍኩም። ከማቁላላት ቀጥታ ወደ «ፌር ረቭኒር» ነበር የሄድኩት።

ከዚያ ወዲያ ያለው ፈጠነ። እሑድ አልቀረሁም። የተማሪዎች ካፌም ከወዳጆቼ ጋር ለብቻችን ተከልለን መቀመጥ ተውኩ። ምሳ 3 ዩሮ ከ30 ነበር፤ ሰልፍ ላይ ወጥ የምታወጣዋ ሴትዮ «ከዚህ ነው ከዚያ?» ስትል ሁለት ሰከንድ አላችሁ፤ ከየትኛውም የማዳመጥ ልምምድ ይበልጣል። ምሳ ሰዓት ግን ሰዓቱን ጠብቁ። ከቀኑ 8 ሰዓት አልፎ ምግብ ቤት ከገባችሁ ብዙው ኩሽና ተዘግቷል፤ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ሳንድዊች ነው ዕጣችሁ። ሰው ቤት እራት ከተጋበዛችሁ ደግሞ ሩብ ሰዓት ያህል አርፍዳችሁ ድረሱ፤ በሰዓቱ ከች ማለት ባለቤቶቹን ከነሽርጣቸው መያዝ ነው። ለኛ ሰው የማይከብድ ሥርዓት አንድ እሱ ነው።

በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ አንዲት አዲስ ልጅ ከኢትዮጵያ መጣች። ማዳም «አምጫት» አሉኝ። ቀይ ክክ ወጥ ሠራሁ፣ እሳቸው ድንች በቅቤ ጠበሱ። ልጅቷን በመንገድ ላይ ስለ «ቦንዡር» ነግሬያት ስለ ሌላው ረሳሁ። ማዳም ድንቹን አዞሩላት። ልጅቷ ፈገግ ብላ፣ እጇን ትንሽ ከፍ አድርጋ «ሜርሲ» አለች።

ልናገር አፌን ስከፍት ማዳም ቀደሙኝ። አማቻቸው ሳህኑን ለመቀበል እጁን ዘርግቶ ነበር፤ መለሱት። «ቆይ፣ ኢትዮጵያዊት ናት» አሉትና ሁለት ጭልፋ ሙሉ ጫኑላት።